ኢንጀክተር ቀየርኩ፤ መብራት ሳበራ ሞተሩ ይሻለዋል። ምን ማለት ነው?

ኮሮላ ዘጅሬን፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከጅማ ነው። መኪናዋ የድሮ ኮሮላ ናት። ውስጧ ግን 4ኤ-ጂኢ ገብቶላታል፤ ባለ 16 ቫልቩ፣ 1.6 ሊትሩ። ካምሻፍቱ ተቀይሯል፣ የጭስ መውጫው ከሞተሩ እስከ ማርሚታው አዲስ ነው። የፋብሪካውን ኮምፒውተር አውጥተን ስፒዱዊኖ የሚባለውን፣ ቁጥሮቹ እንደልብ የሚቀየሩትን የሞተር ኮምፒውተር ገጥመናል። እኔ በላፕቶፕ፣ ቲዩነርስቱዲዮ በሚባለው ፕሮግራም እገባበታለሁ።

በቅርቡ ከዱባይ ኢንጀክተር መጣልኝ። በደቂቃ 440 ሲሲ የሚረጭ ነው፣ ኦሙ ከፍ ያለው ዓይነት። በሜትር ስለካው 13 ገደማ ያነባል። የድሮዎቹ 210 ሲሲ ነበሩ። ወደፊት ተርቦ ላስገባ ስላሰብኩ ነው ከፍ ያለውን የገዛሁት። ከገጠምኩ በኋላ ሪኳየርድ ፊውል የሚለውን ቁጥር (ኢንጀክተሩ ስንት ሚሊ ሰከንድ ይርጭ የሚለውን መነሻ) ከ12.4 ወደ 5.9 አወረድኩ። ሌላ ምንም አልነካሁም።

ችግሩ ሚኒሞ ላይ ነው። ሞተሩ በቤንዚን ይታፈናል። ዋይድባንዱ (ከጭሱ የአየርና የቤንዚን ድርሻ የሚለካው ሴንሰር፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቤንዚን በዝቷል ማለት ነው) 10.9 ያነባል። ዙሩ ከ700 እስከ 1,300 ይወጣል፣ ይወርዳል። ካንዴላ ፈትቼ ሳይ ጥቁር፣ እንደ ጥላሸት ነው። መርካቶ መታጠፊያው ላይ ባጃጆች መሃል ስቆም የቤንዚኑ ሽታ ሰው ያስነጥሳል።

ወደ አጋሮ መንገድ ስወጣ ግን ደህና ናት። በአራተኛ ማርሽ በ80 ስሄድ 14.5 አካባቢ ትረጋለች። ብቻ የኦክስጅን ማስተካከያው ቁጥር 86 ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ ወደ 100 አይመለስም። ሙሉ ስረግጥ 11.9 ያነባል። ጉልበቷ አልቀነሰም።

የገረመኝ ነገር ይሄ ነው። ማታ መብራት ሳበራና ፋኑ ሲነሳ ሚኒሞው ይረጋጋል! 10.9 የነበረው 12.4 ይሆናል። ቮልቱን አየሁት፣ ከ14.1 ወደ 12.7 ይወርዳል። መብራቱን ሳጠፋ ተመልሶ ይታፈናል። ጓደኞቼ “በቃ ቀንም መብራት አብርተህ ንዳ” ብለው ሳቁብኝ። ይሄ ምን ዓይነት በሽታ ነው?

ፈጣኑ፦

ወንድሜ አትጨናነቅ። የቤንዚን ግፊት መቆጣጠሪያው ላይ ያለችውን ብሎን ፈታ አድርጋት። ከ3 ባር ወደ 2 አውርደው። ኢንጀክተሩ ስለበዛ ነው፣ ግፊቱን ስትቀንስለት ልክ ይገባል። ላፕቶፕ ምናምን አያስፈልግም።

ዲኤክስ ለዘላለም፦

እኔ ዲኤክሴን በካርቡራተር ይዤ ከጅማ በደሌ፣ ከበደሌ ጅማ። ሚኒሞ ሲያስቸግር አንድ ካቻቢቴ፣ ሩብ ዙር፣ አለቀ። እናንተ ደግሞ ለሚኒሞ ላፕቶፕ ቻርጅ ታደርጋላችሁ። ይመቻችሁ።

ኮሮላ ዘጅሬን፦

@ፈጣኑ ያልከውን አደረግኩ። ሚኒሞ 13.2 ሆነ፣ ሽታውም ጠፋ። ደስ ብሎኝ ወደ ሰርቦ ወጣሁ። ዳገቱ ላይ ሙሉ ስረግጥ ግን 14.5 አነበበ። ከሞተሩ ውስጥ ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር የገባ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። ወዲያው እግሬን አነሳሁ። አሁን ቪኢ ቴብሉ ላይ (ሲሊንደሩ በየዙሩና በየጫናው ስንት በመቶ አየር እንደሚሞላ የሚጻፍበት ሰንጠረዥ) የላይኛዎቹን ቁጥሮች ብጨምርላት ይሆናል?

ጋሽ ሚኒሞ፦

ልጄ፣ መጀመሪያ ያቺን ብሎን ወደ 3 ባር መልሳት። ቴብሉንም አትንካ። ከዚያ ቁጭ ብለህ አንብበኝ።

እኔ እዚሁ ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ ነው የምሠራው። በካርቡራተር ያደግኩ ሰው ነኝ፤ @ዲኤክስ ለዘላለም ካቻቢቴዬ አሁንም ኪሴ ውስጥ ናት። ኮምፒውተሩ የመጣው በኋላ ነው። ግን ሞተር ሞተር ነው፤ አየርና ቤንዚን፣ ሌላ ነገር የለውም።

ግፊት ስትቀንስ ምን እንደሆነ ልንገርህ። የሚረጨው ከግፊቱ ጋር እኩል አይወርድም፤ የሚወርደው በስኩዌር ሩቱ ነው። ከ3 ወደ 2 ስታወርደው 440 የነበረው 359 ሆነ። ይሄ 18 በመቶ ቅናሽ ነው፤ ሚኒሞ ላይም ያው፣ ሙሉ ስትረግጥም ያው። አንተ ግን ሚኒሞ ላይ ከ30 በመቶ በላይ ነበር የበዛብህ፣ ሙሉ ስትረግጥ 8 በመቶ ገደማ ብቻ። ስለዚህ ታች አሁንም በዝቷል፣ ላይ ደግሞ አደረቅከው። ያ የጠጠር ድምፅ ቀልድ አይደለም። ፒስተን የሚበሳው፣ ቴስታታ የሚበላሸው እንደዛ ጀምሮ ነው። እግርህን ማንሳትህ በጀህ። @ፈጣኑ አንተንም አልወቅስህም፣ ሚኒሞ ላይ ብቻ ካየኸው እውነትም የተስተካከለ ይመስላል። ሌላም ነገር አለ፤ ግፊት ሲወርድ ቤንዚኑ እንደ ጉም መሆኑ ቀርቶ ጠብታ ጠብታ ይሆናል። እሱም በደንብ አይቃጠልም።

አሁን ወደ መብራቱ እንምጣ። ከጻፍከው ሁሉ ዋናው እሱ ነው። ጓደኞችህ ሳቁበት እንጂ መልሱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ኢንጀክተር ኤሌትሪክ ሲደርሰው በዚያው ቅጽበት አይከፈትም። ውስጡ ያለው ኮይል ማግኔት እስኪሆን፣ መርፌዋን ከስፕሪንጉና ከቤንዚኑ ግፊት አስጥሎ እስኪያነሳት ጊዜ ይፈጃል። ወደ አንድ ሚሊ ሰከንድ የሚጠጋ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቤንዚን አይወጣም። ኮምፒውተሩ ይሄን የባከነ ጊዜ አስቀድሞ ያውቅና በላዩ ላይ ይጨምርልሃል። ስፒዱዊኖ ላይ ኢንጀክተር ኦፕን ታይም የሚለው ቁጥር እሱ ነው። እያንዳንዱ የኢንጀክተር ዓይነት የራሱ ቁጥር አለው። አንተ የመጠኑን ቁጥር ቀየርክ፣ ይሄን ግን ለድሮዎቹ የተጻፈውን ተውከው።

ስሌቱን እንሥራው። ሞተርህ 1,587 ሲሲ ነው። ሚኒሞ ላይ ማኒፎልድህ (የአየር መግቢያው) ውስጥ ግፊቱ 38 ኪሎ ፓስካል ነው እንበል፣ ቪኢው 50። ያንተን 5.9 በ0.38፣ ከዚያ በ0.5 አባዛው። 1.1 ሚሊ ሰከንድ ይመጣል። ቤንዚን በእውነት የሚረጭበት ጊዜ ይቺ ብቻ ናት። በእሷ ላይ የተጻፈው ኦፕን ታይም በ0.4 ቢበዛ፣ ኢንጀክተሩ 1.5 ይረጫል። 14.7 መሆን የነበረበት 10.8 ይሆናል። አንተ ስንት አነበበ አልክ? 10.9።

ሙሉ ስትረግጥ ግን የሚረጭበት ጊዜ 5 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ያው 0.4 እዚያ ላይ 8 በመቶ ብቻ ነው የሚሆነው። 12.8 መሆን የነበረበት 11.9 ሆነ። መንገድ ላይ ደግሞ የኦክስጅን ማስተካከያው ራሱ እየቀነሰ ሸፈነልህ። 86 ላይ የተጣበቀው “14 በመቶ እየቀነስኩልህ ነው” እያለህ ነው። ያ ቁጥር በአንድ ወገን ከቀረ ዝም ብለህ አትለፈው።

መብራት ስታበራ ዲናሞው ይጫናል፣ ቮልቱ ይወርዳል። ቮልት ሲወርድ መርፌዋ ይበልጥ ትዘገያለች፣ የሚረጨው ያንሳል። በዝቶ የነበረው ቀነሰ፣ 12.4 ሆነ። መብራቱ ምንም አልጠገነም፣ አንዱ ስህተት ሌላውን ሸፈነው። የቮልት ማስተካከያ ከርቭህ ቢታይ ከዳር እስከ ዳር 100 ይመስለኛል። ቮልቱ ሲወርድ ኮምፒውተሩ ምንም እንደማይጨምርለት ያስታውቃል። ኦፕን ታይሙን ብቻ አስተካክለህ ይሄን ከርቭ ብትተወው፣ ማታ መብራት ስታበራ ሞተሩ ይጠፋብሃል።

ኦፕን ታይምህ ስንት እንደሚል አይተህ ጻፍልኝ። አንድ ነገር ደግሞ እይልኝ። ከግፊት መቆጣጠሪያው ወደ ማኒፎልድ የምትሄድ ቀጭን የጎማ ቱቦ አለች። ተነቅላ በብሎን ተደፍና ከሆነ፣ ሚኒሞ ላይ በትርፍ 7 በመቶ ትጨምርብሃለች። በማኒፎልዱና በውጭው አየር መካከል ያለው ልዩነት ነው የሚጨምረው። ብዙ ጋራዥ ለምን እንደሆነ አላውቅም ይነቅሏታል።

ቤንዚኑንስ ከየት ቀዳህ? ማደያ ሰልፍ ሲረዝም በሃይላንድ የሚሸጠውን ቀድተህ ከሆነ፣ መጀመሪያ እሱን ጨርስና ከማደያ ቅዳ። ውስጡ ምን እንዳለ በማናውቀው ቤንዚን ሞተር አይስተካከልም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ፣ አትቀየመኝ። ለዚህ ሞተር ያለ ተርቦ፣ ጅማ ላይ፣ 210 ይበቃው ነበር። በ7,500 ዙር አንድ ሙሉ ዑደት 16 ሚሊ ሰከንድ ነው። እዚህ ባለው አየር የድሮው ኢንጀክተር 12 ባልሞላ ጊዜ ይጨርስ ነበር፤ ሦስት አራተኛው ገደማ። እስከ 80፣ 85 በመቶ ድረስ ችግር የለውም። ተርቦው እስኪመጣ 440 ሣጥን ውስጥ ቢቀመጥ አይበላሽም ነበር። ከገባ ግን ገብቷል፣ ይሠራል።

ኮሮላ ዘጅሬን፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ኦፕን ታይሙ 1.4 ነው የሚለው! የቮልት ከርቩም እንዳሉት ከዳር እስከ ዳር 100 ነው። ቱቦዋ ግን በቦታዋ ናት፣ አልተነቀለችም። ብሎኑን ወደ 3 ባር መልሻለሁ። ቤንዚኑ ከማደያ ነው።

አሁን 1.0 ብዬ ልጻፍ? ሻጩ ወረቀት አልሰጠኝም። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ለ440 አንዱ 0.8 ይላል፣ ሌላው 1.2።

ቮልትሜትሯ፦

ጤና ይስጥልኝ። ጋሽ ሚኒሞ በደንብ አስረድተውታል፣ እኔ አለካኩን ልጨምር። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ነው የተማርኩት፣ እንዲህ ዓይነት ነገር እወዳለሁ።

የኢንተርኔቱን ቁጥር ተወው። ባንተ ግፊትና ባንተ ቮልት ለካው። ኢንጀክተሮቹን ከነሬይላቸው (ቤንዚን ከሚያድላቸው ቱቦ ጋር) አውጣ፣ የቤንዚኑ ግፊት 3 ባር እንዲሆን ፓምፑን አስነሳ። አንዱን ኢንጀክተር በአርዱዊኖ (ፕሮግራም በሚጫንባት ትንሽ ቦርድ) እና በትራንዚስተር 1,000 ጊዜ እያንዳንዱን ለ3 ሚሊ ሰከንድ ክፈተው። የወጣውን በመለኪያ ብርጭቆ ተቀበል። ቀጥሎ 1,000 ጊዜ ለ6 ሚሊ ሰከንድ። ሁለት ቁጥር አገኘህ ማለት ነው።

ለምሳሌ በ14 ቮልት መጀመሪያ 14.7 ሲሲ፣ ቀጥሎ 36.7 ሲሲ ቢወጣ ልዩነቱ 22 ሲሲ ነው። ልዩነቱ የ3 ሚሊ ሰከንድ ስለሆነ፣ አንዱ ሚሊ ሰከንድ 7.33 ሲሲ ሆነ። ይሄ ራሱ በደቂቃ 440 ነው፣ ስለዚህ ኢንጀክተሩ እውነተኛ ነው ማለት ነው። አሁን 14.7ን ለ7.33 አካፍለው፣ 2 ይመጣል። 3 ሚሊ ሰከንድ ከፍተህ የረጨው 2 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። አንዱ የት ሄደ? ኦፕን ታይሙ እሱ ነው።

ከዚያ ቮልቱን 12 አድርገህ ድገመው። በ12 ሁለቱም መጠን ያንሳል፣ ልዩነቱ ግን ያው 22 አካባቢ ይሆናል። ልዩነቱ ከተቀየረብህ ፓምፕህ ግፊቱን አልያዘም፣ ጌጁን እይ። አራቱንም ለካ፤ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከወጣ እሱን አጥበህ እንደገና ለካው።

እባክህ ቤት ውስጥ እንዳታደርገው። ደጅ፣ ነፋስ ባለበት፣ ባትሪና ቻርጀር ከቤንዚኑ ራቅ ብለው። የእሳት ማጥፊያ ከጎንህ ይሁን። ቤንዚን በ3 ባር ሲረጭ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። መጀመሪያ ለመለማመድ የካርቡራተር ማጠቢያ ፈሳሽ የሚጠቀሙ አሉ፣ እሱም ይነዳልና እንዳትዘናጋ።

ዲኤክስ ለዘላለም፦

ሩብ ዙር ብዬ ነበር። አሁን 1,000 ጊዜ ከፍተህ ዝጋ ተባለ።

ቮልትሜትሯ፦

@ዲኤክስ ለዘላለም ያንተ ካርቡራተር ጅማ ላይ ተስተካክሎ አዲስ አበባ ሲደርስ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ያኔ ሌላ ሩብ ዙር። እሱ ግን አንዴ ከለካ አበቃ።

ኮሮላ ዘጅሬን፦

እህቴ ተባረኪ። ለካሁት። የአክስቴ ጊቢ ውስጥ፣ ከቡና ዛፎቹ ራቅ ብዬ ነው የሠራሁት፤ አክስቴ “ቡናዬን ካቃጠልክ ራስህ ትለቅማለህ” ብላ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ ነበር።

በ14 ቮልት 1.0 መጣ፣ በ12 ደግሞ 1.35። አራቱም ተቀራራቢ ናቸው። ኦፕን ታይሙ ላይ 1.0 ጻፍኩ፣ ከርቩ ላይ በ14 ቮልት 100፣ በ12 ቮልት 135 አደረግኩ። መሃሉን በመስመር ሞላሁት። ማስተካከያው ኦፕን ታይሙ ላይ ብቻ ወይስ ሙሉ የመርጫ ጊዜው ላይ ብሎ ጠየቀኝ፣ ኦፕን ታይሙ ላይ ብቻ አልኩት። ልክ ነኝ?

ሞተሩ ሲነሳ እኔም አላመንኩም። ሚኒሞ 14.6 አነበበ፣ ዙሩም 900 ላይ ቆመ። መብራት አበራሁ፣ ፋኑ ተነሳ፣ ቁጥሩ አልተነቃነቀም። መንገድ ላይ ያ 86 አሁን በ97 እና በ102 መካከል ነው የሚጫወተው። ሙሉ ስረግጥ 12.8። ግን ሚኒሞው ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ከጭሱ አልፎ አልፎ ፑፍ ፑፍ ይላል።

ጋሽ ሚኒሞ፦

ጎበዝ። ኦፕን ታይሙ ላይ ብቻ ማለትህም ልክ ነው። ሙሉ ጊዜው ላይ ብትለው በ12 ቮልት የሚረጨውን ሁሉ በ35 በመቶ ያባዛብህ ነበር።

መንቀጥቀጡ ከካምሻፍትህ ነው። ካምህ ትልቅ ስለሆነ ሚኒሞ ላይ የተቃጠለው ጭስ ወደ ሲሊንደሩ ተመልሶ ይገባል። እንዲህ ዓይነት ሞተር 14.6ን አይወድም። አሁን ቪኢ ቴብሉን መንካት ትችላለህ። የሚኒሞዎቹን ሳጥኖች ትንሽ ከፍ እያደረግክ ወደ 13.8፣ 13.5 አምጣው። ቁጥሩን ሳይሆን ድምፁን ስማ፣ ሲረጋጋ ተወው።

ፑፍ የምትለው ቀጥላ ከሆነ ግን የጭስ መውጫውን ጓርኒሲዮን እይ። ከሴንሰሩ በፊት ቀዳዳ ካለ የውጭ አየር ስቦ ይገባል፣ ዋይድባንዱም ሳይደርቅ ደረቀ ይልሃል። አንድ ሲሊንደር ሳይቃጠል ቢያልፍም እንደዚያው ነው፤ ያልተቃጠለው ኦክስጅን ይቆጠራል። ሰዎች ያንን አምነው ቤንዚን ይጨምራሉ፣ ካንዴላው ይብሱን ይጠቁራል፣ እንደገና ሳይቃጠል ያልፋል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ እጅህን መገጣጠሚያው አጠገብ አድርገህ አስነሳ፤ ካለ ንፋሱ ይታወቅሃል።

ኮሮላ ዘጅሬን፦

እሺ ጋሼ። ጓርኒሲዮኑ እውነትም አንድ ቦታ ላይ ጠቁሯል፣ እቀይረዋለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ። ቅዳሜ አዲስ አበባ ልወስዳት ነው። ጅማ ላይ ተስተካክላ እዚያ ትበላሽብኝ ይሆን? እህታችን ስለ ካርቡራተሩ ያለችው አሳስቦኛል።

ጋሽ ሚኒሞ፦

ያንተ ማፕ ሴንሰር (የማኒፎልዱን ግፊት የሚለካው) ያለው ስለሆነ ብዙውን ራሱ ያስተካክላል። አስቀድመህ ግን ቁልፍ ክፈትና ሞተሩን ሳታስነሳ ማፑ ስንት እንደሚል እይ። ጅማ 1,780 ሜትር ላይ ናት፣ 82 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ማለት አለበት። 100 ካለህ የሴንሰሩ ካሊብሬሽን የተሳሳተ ነው፣ ያኔ እስካሁን የሠራነው ሁሉ በተሳሳተ ቁጥር ላይ ነው።

አዲስ አበባ 76 አካባቢ ነው። ወደዚያ መውጣቱ አያስፈራም፤ አየሩ ይሳሳል፣ የምትጠቀመው አንተ ያስተካከልካቸውን ሳጥኖች ነው። እኔን የሚያሳስበኝ መሃል ያለው ነው። ጊቤ ድልድይ ጋ ስትወርድ ወደ 1,100 ሜትር ትደርሳለህ። እዚያ አየሩ 89 ገደማ ነው። ጅማ ላይ እግርህን እስከ ወለሉ ብትረግጥ ማኒፎልድህ ከ82 አያልፍም። ስለዚህ ቴብልህ ላይ የ85 እና የ90 ረድፎች አንድም ቀን አልተነኩም። ከጊቤ ዳገቱን ስትወጣ ሙሉ ስትረግጥ ግን እዚያ ትገባለህ፣ ያውም በሙቀቱ፣ ያውም በጫና። እነዚያ ረድፎች ላይ ምን ተጽፏል?

ሌላው ባሮ የሚሉት ነው። የውጭውን አየር የሚለካ ለብቻው ሴንሰር ካልገጠምክለት፣ ስፒዱዊኖ የሚይዘው ሞተሩ ሲነሳ ያነበበውን ነው። ጅማ አስነስተህ ሳታጠፋ ጊቤ ከደረስክ እሱ አሁንም ጅማ ያለህ ይመስለዋል። ድልድዩን እንደተሻገርክ አጥፍተህ አስነሳው። ሲመች ርካሿን ሴንሰር ግጠምለት፣ ለተርቦውም ታስፈልግሃለች።

ኮሮላ ዘጅሬን፦

ማፑ 82 ይላል። ረድፎቹን አየኋቸው። የ80ው ረድፍ በ5,000 ዙር 92 ነው። የ85ቱም የ90ውም 60 ነው የሚሉት። መጀመሪያ ከጫንኩት ፋይል የቀሩ ናቸው መሰለኝ።

ጋሽ ሚኒሞ፦

60! ከሚያስፈልገው ሲሶው ጎደለ ማለት እኮ ነው። የሰርቦው የጠጠር ድምፅ እዚያ ዳገት ላይ ይብስብህ ነበር። የ80ውን ረድፍ ሙሉውን ኮፒ አድርገህ በ85 እና በ90 ላይ ለጥፈው፣ ከዚያ በላይ እስከ 100 ያሉትንም። እያንዳንዱ ላይ አንድ ወይም ሁለት ጨምርበት። ሴቭ ማድረጉን፣ በርን ማድረጉን (ኮምፒውተሩ ላይ በቋሚነት መጻፉን) አትርሳ፤ ቁልፍ ዘግተህ ከፍተህ ቁጥሩ እንዳለ እይ። ከጊቤ ስትወጣ ላፕቶፑ ሎግ ያድርግ፣ አጠገብህ የተቀመጠው ሰው ዋይድባንዱን ያንብብልህ። ከ85 በላይ ገብተህ ከ13 ካለፈ እግርህን አንሳ። ሎጉን ማታ እዚህ ለጥፈው፣ አየዋለሁ።